ከፋሲካ በኋላ ለምን እጠፋለሁ?

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ። የ28 ዓመት ሴት ነኝ። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ፋርማሲ በፈረቃ እሠራለሁ። ያደግሁት በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተሰብ ውስጥ ነው። የምጽፍልዎትን ነገር ለማንም በግልጽ ተናግሬው አላውቅም።

ሁዳዴ ሲገባ ሌላ ሰው እሆናለሁ። እስከ 9 ሰዓት እጾማለሁ። ማለዳ ተነሥቼ ውዳሴ ማርያም እደግማለሁ። ፈረቃዬን እየለመንኩ ቀይሬም ቢሆን እሑድ አስቀድሳለሁ። በሰሙነ ሕማማት ስሰግድ አለቅሳለሁ። "ከእንግዲህ እንዲህ ነው የምኖረው" እላለሁ፤ የምለውም ከልቤ ነው። ከዚያ ፋሲካ ይመጣል። የመጀመሪያውን ሳምንት በዓል ነው ብዬ ጸሎቱን እተዋለሁ። ቀጥሎ ሠርግ አለ፣ ግብዣ አለ። ግንቦት ሲጋመስ የጸሎት መጽሐፌ የት እንዳለ እንኳ አላውቅም። በቤተ ክርስቲያን በር በታክሲ ሳልፍ አማትባለሁ፤ መግባት ግን የለም። ነሐሴ ላይ የዓመት ፈቃዴን ወስጄ ፍልሰታን አስቀድሳለሁ፣ እንደገና እሞቃለሁ። ጳጉሜን ሳይደርስ ደግሞ በርጄ አገኘዋለሁ ራሴን።

አንዲት የሥራ ባልደረባዬ "አንቺ እኮ የሁዳዴ ክርስቲያን ነሽ" ብላ ሳቀችብኝ። ቀልድ ነበር፤ ከውስጤ ግን አልወጣልኝም። ግብዝ ነኝ ወይ? ስሜቱ ሳይኖረኝ ብጸልይስ ማስመሰል አይሆንብኝም? ወይስ አሁን ትቼው በፍልሰታ እንደ አዲስ ልጀምር? ይምከሩኝ።

የሁለት ጾም ክርስቲያን ነኝ

መልስ፦

እህቴ፣ ደብዳቤሽ የደረሰኝ ጰራቅሊጦስ (የመንፈስ ቅዱስ መውረድ በዓል) ካለፈ በኋላ የሰኔ ጾም በገባ ሳምንት ነው። ስለዚህ ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር። ፍልሰታን አትጠብቂ። ይህን መልስ ያነበብሽበት ቀን ማታ ጀምሪ። እንዴት እንደምትጀምሪ ወደ ታች እነግርሻለሁ።

ግብዝ አይደለሽም። ግብዝ ሰው የሚጨነቀው ሰው እንዳያውቅበት ነው። አንቺ የተጨነቅሽው በመጥፋትሽ ነው። የሰሙነ ሕማማቱ እንባሽም ውሸት አልነበረም። እግዚአብሔር ያን እንባ ግንቦት ላይ ስለጠፋሽ መልሶ አይጥለውም። ይህን በደንብ ያዢልኝ። ሰው ራሱን ግብዝ ብሎ ከጠራ በኋላ ቀጥሎ የሚያደርገው ነገር "እንግዲያውስ ማስመሰሉን ልተወው" ብሎ ጭራሽ መቅረት ነው። አንቺም ወደዚያ እየተጠጋሽ መስሎኛል።

ግን ለምን እንደምትጠፊ እንነጋገር። ሁዳዴ ላይ የምትጾሚው ብቻሽን አይደለም። ከተማው አብሮሽ ይጾማል። ሥጋ ቤቱ ይዘጋል። ምግብ ቤቱ በየዓይነቱን ያቀርባል። ቤት ውስጥ ሽሮው፣ ተልባው፣ ሱፍ ፍትፍቱ ሳትጠይቂ ይመጣል። ሠርግ የለም። ባልደረቦችሽ ቁርስ አይጋብዙሽም። ታክሲ ውስጥ እንኳ የሚከፈተው መዝሙር ነው። ጠዋት ተነሥተሽ ብትጸልዪ ቤተሰቡ ሁሉ ነቅቷል። ፋሲካ ሌሊት ዶሮ ሲጮኽ ይህ ሁሉ በአንዴ ይነሣል። በማግሥቱ አንቺ ብቻሽን ነሽ። የጠፋሽው ከፋሲካ በኋላ ስለሰነፍሽ አይመስለኝም። ተሸክሞሽ የነበረው ነገር ሲወርድ በራስሽ እግር መቆም ስላልለመድሽ ነው።

በሰው መደገፍሽ ነውር አይደለም። ቤተ ክርስቲያን ጾሙን የጋራ ያደረገችው አንዱ ሌላውን እንዲሸከም ብላ ነው። ችግሩ ሌላ ነው። እናቶቻችን እንጀራ ሲጋግሩ ሊጡን አሟጠው አይጨርሱትም፤ ለሚቀጥለው ቡኮ እርሾ ያስቀራሉ። አንቺ ግን 55ቱን ቀን አሟጠሽ ጋግረሽ ትነሺያለሽ። ነሐሴ ላይ ደግሞ ያለ እርሾ ትጀምሪያለሽ። ከጾሙ የሚቀር፣ ትንሽ፣ ግንቦትም ሆነ ጥቅምት የማይነካው አንድ ነገር ያስፈልግሻል። ይህ ነው ሙሉ ምክሬ። የቀረው ዝርዝር ነው፤ ዝርዝሩ ላይ ግን ብዙ ሰው ስለሚሳሳት ልቆይበት።

መጀመሪያ በዓለ ሃምሳን እናንሣ። አንቺ የምትወድቂው እዚያ ነውና። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብ አይጾምም፣ አይሰገድም። ይህ የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ነው። የተነሣው ግን ጾሙና ስግደቱ ነው። ጸሎቱን ማንም አላነሣውም። ቅዳሴውንም ማንም አላነሣውም። መቁረብ የሚፈልግ ሰው በሃምሳውም ቢሆን 18 ሰዓት ከምግብ ተከልክሎ ነው የሚቀርበው። አንቺ "በዓል ነው" ብለሽ ያቆምሽው በዓሉ የሚከበርበትን ነገር ነው።

ፋሲካ በተከበረ ማግሥት ያሉት ቀናት ስም እንዳላቸው ታውቂያለሽ? ሰኞ ማዕዶት ነው። ማክሰኞ ቶማስ ነው። ረቡዕ አልዓዛር፣ ሐሙስ አዳም፣ ዓርብ ቤተ ክርስቲያን፣ ቅዳሜ ቅዱሳት አንስት ይባላሉ። እሑዱ ዳግም ትንሣኤ ነው። ቅዳሜን ተመልከቺልኝ። ሽቱ ይዘው ማልደው ወደ መቃብሩ የሄዱት ሴቶች የሚታሰቡበት ቀን ነው። አንቺ በዚያች ሳምንት ጸሎቱን ስትተዪ እንደ አንቺ ላሉ ሴቶች የተሰጠው ቀንም አብሮ ያልፍሻል። በ40ኛው ቀን ዕርገት ይመጣል። ሐዋርያት ከዕርገት በኋላ ምን አደረጉ? የሉቃስ ወንጌል የሚያልቀው "ዘወትርም እግዚአብሔርን እየባረኩና እያመሰገኑ በመቅደስ ነበሩ" ብሎ ነው። የሐዋርያት ሥራም ሲጀምር ከእመቤታችንና ከሴቶቹ ጋር "በአንድ ልብ ሆነው ለጸሎት ይተጉ ነበር" ይላል። መንፈስ ቅዱስ ሲወርድ ሁሉም በአንድ ቦታ ተሰብስበው ነበር።

ስለዚህ የሚቀጥለው ፋሲካ ሲመጣ አንድ ነገር አድርጊ። ጸሎትሽን አትቀንሺው፤ መልኩን ቀይሪው። ስግደቱ ቀርቶ ቁመሽ "ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን፣ በዐቢይ ኃይል ወሥልጣን" ብለሽ ጀምሪ። ከሁዳዴው ጸሎት ሌላ ጣዕም አለው። ልቅሶ ለለመደ ሰው ደስ እያለው መጸለይ መጀመሪያ ላይ ይከብደዋል። አንቺን ያቃተሽ ምናልባት ይህ ይሆናል። ከኀዘን ጋር ብቻ የተሳሰረ ጸሎት ኀዘኑ ሲያልፍ የሚይዘው ያጣል።

አሁን ደግሞ ያለንበትን እንመልከት። የሰኔ ጾም ብዙ ሰው "የቄስ ጾም" ይለዋል። አይደለም። ሁሉም ምእመን እንዲጾማቸው ከታወጁት 7 አጽዋማት አንዱ ነው። ሌሎቹ ዐቢይ ጾም (ሁዳዴ)፣ ነነዌ፣ ፍልሰታ፣ የነቢያት ጾም፣ ገሃድ (የልደትና የጥምቀት ዋዜማ)፣ ረቡዕና ዓርብ ናቸው። የሰኔው ከጰራቅሊጦስ ማግሥት ሰኞ ይገባና ሐምሌ 5 በጴጥሮስ ወጳውሎስ በዓል ይፈታል። ፋሲካ ሲዘገይ 15 ቀን ብቻ ይሆናል፤ ፋሲካ ቀድሞ ሲውል እስከ 49 ቀን ይደርሳል። ሐዋርያት ለስብከት ከመውጣታቸው በፊት የጾሙት ጾም ነው። "የቄስ" መባሉ በጣም ያሳዝነኛል። ልክ እንደ አንቺ ከፋሲካ በኋላ የተበተነውን ሰው ለመሰብሰብ ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም። ከተማው ስለማይጾመው ደግሞ ለአንቺ የበለጠ ይጠቅምሻል። ምግብ ቤቱ አያግዝሽም፣ ባልደረባሽ አታስታውስሽም። የራስሽ እግር የሚጠነክረው እዚህ ነው።

ደብዳቤሽ ላይ ከፋሲካ እስከ ፍልሰታ ባዶ ሜዳ ያለ ይመስላል። አስቢው እስቲ። የሰኔ ጾም ሐምሌ 5 ተፈትቶ ፍልሰታ ነሐሴ 1 እስኪገባ በመካከሉ የሚቀረው አንድ ወር እንኳ አይሞላም። በዚያም ውስጥ ሐምሌ 7 ሥላሴ አለ፣ ሐምሌ 19 ገብርኤል አለ። ሰኔ 26 ዘመነ ክረምት ይገባል። ከቅዱስ ያሬድ የወረስነው ዜማ ያን ጊዜ ስለ ዝናሙ፣ ስለ ደመናው፣ ስለ ዘሩ ይዘምራል። ከፍልሰታ በኋላም ቢሆን መስቀል አለ። ከመስከረም 26 ጀምሮ እስከ ኅዳር 5 ጽጌ ነው። ጽጌ የፈቃድ ጾም ነው፤ ማኅሌቱ (የሌሊቱ የዜማ ምስጋና) ግን በየሳምንቱ ቅዳሜ ለእሑድ አጥቢያ ይቆማል። አንድ ሌሊት ሂጂና ስሚው። ጥቅምትን እንደ በረሃ የሚያየው ሰው ማኅሌተ ጽጌን ያልሰማ ነው። ኅዳር 15 ደግሞ የነቢያት ጾም ይገባል። ዓመቱ አልተቆራረጠም፣ እህቴ። አንቺ ሁለቱን ትልልቅ ጣቢያ ብቻ እየወረድሽ ነው።

ይህን ሁሉ የዘረዘርኩት ሁሉንም ያዢ ለማለት አይደለም። እንዲያውም ተቃራኒውን ነው የምነግርሽ።

ሁዳዴ ላይ የምትይዢው ጸሎት ብዙ ነው። ውዳሴ ማርያም፣ ዳዊት፣ ሰይፈ ሥላሴ፣ ድርሳናቱ። ግንቦት ላይ ሁሉንም ማድረግ ሲያቅትሽ ሁሉንም ትተዪዋለሽ። ስለዚህ በጣም ደክመሽ፣ የሌሊት ፈረቃ ሠርተሽ፣ ራስሽን እያመመሽ እንኳ የማትተዪውን ልክ ምረጪ። እኔ የማቀርብልሽ ይህን ነው። ጠዋት ስልክሽን ከመንካትሽ በፊት አማትበሽ አቡነ ዘበሰማያት፣ ቀጥሎ የዕለቱ ውዳሴ ማርያም። ማታ ከመተኛትሽ በፊት ከዳዊት አንድ መዝሙር። "አቤቱ፥ እንደ ቸርነትህ መጠን ማረኝ" የሚለው ይሁን፣ "በልዑል መጠጊያ የሚኖር" የሚለው ይሁን፣ ያንቺ ምርጫ ነው። ሌላ አትጨምሪ። ሁዳዴ ሲመጣ በላዩ ትጨምሪያለሽ። ሁዳዴ ሲወጣ የጨመርሽው ይቀንሳል፤ ይህ ግን አይነካም።

ውዳሴ ማርያምን የመረጥኩት ስለለመድሽው ብቻ አይደለም። ቅዱስ ኤፍሬም ሶርያዊ የደረሰው ይህ ምስጋና በ7ቱ ዕለታት የተከፈለ ነው። ለእንደ አንቺ ዓይነት ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ማክሰኞ ካመለጠሽ ረቡዕ የምታነቢው የረቡዕን ነው። የማክሰኞውን ዕዳ ተሸክመሽ አትመጪም። የመቅረት ልማድ ያለበት ሰው ዕዳ ከተከመረበት ይሸሻል። ግእዙ ካልገባሽ በአማርኛ አንብቢው፤ ነውር የለውም። በፍጥነት ተንበልብሎ የሚያልቅ ግእዝ ልብ ውስጥ ሳይገባ ይቀራል። አንዱን ዓረፍተ ነገር ቆም ብለሽ ብታስቢበት ይሻላል።

ረቡዕና ዓርብ ደግሞ ከሃምሳው፣ ልደትና ጥምቀትም ከሚውሉባቸው በቀር ዓመቱን ሙሉ ያንቺ ናቸው። እነዚህን ሁለት ቀናት የምትጾም ሴት "የሁዳዴ ክርስቲያን" ልትባል አትችልም። በየሳምንቱ ይመጣሉና ረስቶ መቅረት አይቻልም። ምሳ ሰዓት ላይ ስትራቢ የምታስታውሺው ነገር ይኖርሻል።

ስለ ቅዳሴው። ፈረቃ እንዳለሽ ጽፈሻል፤ እሱን አልዘልለውም። እሑድ ካልቻልሽ ቅዳሜም ሰንበት ነው፤ በቅዳሜ የሚቀድሱ ብዙ አድባራት አሉ። ወርኃዊ በዓላቱም አሉ። በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔዓለም፣ ሌላም ብዙ። ከሌሊት ፈረቃ ስትወጪ ቅዳሴው ገና ያልወጣበትን ቤተ ክርስቲያን ፈልጊ። የወሩ የፈረቃ ፕሮግራምሽ ሲወጣ ቁጭ ብለሽ የምታስቀድሺባቸውን ቀኖች አስቀድመሽ ምልክት አድርጊባቸው። "ሲመቸኝ እሄዳለሁ" ያለ ሰው ሲመቸው ይተኛል። በታክሲ እያለፍሽ ማማተቡንም አትናቂው። ግን ከወር ውስጥ አንድ ቀን አንድ ፌርማታ ቀድመሽ ውረጂ። ቅዳሴ ባይኖርም ግቢ፣ ተሳለሚ፣ ጥላው ሥር ትንሽ ተቀመጪ፣ ከዚያ ወደ ቤትሽ ሂጂ።

"ስሜቱ ሳይኖረኝ ብጸልይ ማስመሰል አይሆንም ወይ?" ብለሻል። ይህ ጥያቄሽ ከሁሉም በላይ ነክቶኛል። አይሆንም። ዳንኤልን አስቢው። እንዳይጸለይ የሚከለክለው አዋጅ በወጣ ቀን ወደ ቤቱ ገብቶ ጸለየ። መጽሐፉ ምን እንደተሰማው አይነግረንም። የሚለው "ቀድሞም ያደርግ እንደ ነበረ" ብቻ ነው። በየዕለቱ ሦስት ጊዜ ይጸልይ የነበረ ሰው ስለሆነ የአንበሳው ጉድጓድ በተደቀነበት ቀንም ጸለየ። በዚያ ሁሉ ዓመት በእያንዳንዱ ጸሎት ልቡ ይቃጠል ነበር ብዬ አላስብም። እንባ ስጦታ ነው። ሲሰጥሽ አመስግኚ፤ ሳይሰጥሽ ሲቀር ደግሞ ቃሉን በታማኝነት አድርሺ። እናት ሌሊት ተነሥታ ልጇን የምታጠባው ሁልጊዜ ደስ እያላት አይደለም። ማንም ግን አስመሳይ አይላትም።

ቅዱስ ጴጥሮስንም አስቢ። ጌታ ከተነሣ በኋላ፣ ትንሣኤውን ካየ በኋላ "ዓሣ ላጠምድ እሄዳለሁ" አለ። ሌሎቹም አብረውት ሄዱ። ሌሊቱን ሙሉ ምንም አልያዙም። ጌታ ግን "ለምን ወደ መረባችሁ ተመለሳችሁ?" ብሎ አልጮኸባቸውም። ባሕሩ ዳር ዓሣና እንጀራ አዘጋጅቶ ጠበቃቸው፤ "ኑ፥ ምሳ ብሉ" አላቸው። ከበሉ በኋላ ጴጥሮስን ሦስት ጊዜ "ትወደኛለህን?" ብሎ ጠየቀው። ይህ የሆነው በሃምሳው ቀናት ውስጥ ነው። ከፋሲካ በኋላ መረቡን ይዞ የሄደው የሰኔ ጾም የሚፈታበት፣ ሐምሌ 5 የምናከብረው ያው ጴጥሮስ ነው።

አሁን ከባዱን ነገር ልንገርሽ። በደብዳቤሽ ሁሉ ጾም አለ፣ ጸሎት አለ፣ ስግደት አለ፣ ቅዳሴ አለ። ንስሐና ቁርባን ግን አንድ ቦታም አልጻፍሽም። ረስተሽው ሊሆን ይችላል። ግን በአንቺ ዕድሜ ያሉ ብዙዎች ቁርባንን የሕፃናትና የአረጋውያን፣ ወይም በተክሊል የተጋቡ ሰዎች ብቻ አድርገው እንደሚያዩት አውቃለሁ። "እኔማ ገና ነኝ፣ ብወድቅስ" ይላሉ። ፍርሃቱ ከአክብሮት የመጣ ነው፤ አልንቀውም። ነገር ግን ጌታ "ሥጋዬን የሚበላ ደሜንም የሚጠጣ በእኔ ይኖራል እኔም በእርሱ እኖራለሁ" ነው ያለው። አንቺ የምትጠይቂኝ መኖርን ነው። ዓመቱን ሙሉ መኖር። እስከ መጨረሻው አስቀድሶ፣ ማዕዱ ቀርቦ፣ ሳይበሉ መውጣት ለዓመታት ከቀጠለ ሰው ይደክማል። የምትበርጂበት አንዱ ትልቅ ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል ብዬ እፈራለሁ።

እዚህ ላይ የእኔ ምክር ያበቃል፤ የነፍስ አባትሽ ይጀምራሉ። ካላቸው ልጆች አንዷ ሆነሽ ስምሽ የተመዘገበ ይሆናል። ለበዓል ቤት መጥተው ጠበል ረጭተው ይሄዳሉ፣ እናትሽ ቡና ታፈላለች፣ በዚያው ያልቃል። በብዙ ቤት እንዲህ ነው። አንቺ ራስሽ ደውዪላቸው። ሁዳዴ መጨረሻ ላይ ሰው ሲሰለፍ አይደለም፤ አሁን፣ ሰኔ ላይ፣ ጊዜ ሲኖራቸው። የጻፍሽልኝን ሁሉ ንገሪያቸው፤ ከፋሲካ በኋላ እንደምትጠፊ፣ ጸሎት መጽሐፉ የት እንዳለ እንደማታውቂ። እኔ ከላይ ያቀረብኩትን ልክም አሳዪያቸው። ይቀንሱልሽ ይሆናል፣ ይጨምሩልሽም ይሆናል። የእርሳቸውን ያዢ፤ የእኔን ተዪው። የነፍስ አባት ከሌለሽ በምታስቀድሺበት ደብር ጠይቂ። ቀኖና ለራስሽ አታውጪ። ሰው ለራሱ ሲያወጣ ወይ በጣም ያከብዳል ወይ በጣም ያቀላል። አንቺ የምታከብጂ ትመስዪኛለሽ።

ብቻሽንም አትሁኚ። ሴት አያቶቻችን ዓመቱን ሙሉ እንዴት ጸኑ? ከእኛ የበለጠ ስሜት ስለነበራቸው አይመስለኝም። ጽዋ ነበራቸው። በ12 የሚካኤል፣ በ21 የማርያም ማኅበር አለ። ጽዋው በየወሩ ከቤት ወደ ቤት ይዞራል። ተረኛዋ ዳቦውን ትደፋለች፣ ጠላውን ትጠምቃለች፣ ካህኑ ይመጣሉ፣ ጸሎት ይደረጋል፣ ችግረኛ ይበላል። ያልመጣች ሴት ካለች "እገሊት ምን ነካት?" ይባላል። በማግሥቱ አንዷ በሯን ታንኳኳለች። ስለዚህ መጥፋት አይቻልም። ግንቦትም ሆነ ጥቅምት 12 ቀን ይመጣልና።

አንቺም እንዲህ ያለ ነገር ያስፈልግሻል። የእናትሽ ማኅበር ካለ ጠይቂያት፤ ደስታዋን ታያለሽ። ሰንበት ትምህርት ቤት ትገቢ ከሆነም መልካም ነው። ሁለቱም ካልሆነ አንዲት ጓደኛ ፈልጊ፣ በወር አንድ ቀን አብራችሁ አስቀድሱ፣ የቀረች እንድትጠየቅ ተስማሙ። ቴሌግራም ላይ ያሉትን መንፈሳዊ ቻናሎች እዚህ ውስጥ አትቁጠሪያቸው። የዕለቱን ስንክሳር ያነብባሉ፣ ስብከት ይልካሉ፣ ብዙዎቹ ጥሩ ናቸው። ግን ብትጠፊ አይፈልጉሽም። ጠዋት ስልክ አንሥተሽ ስለ ጸሎት የተጻፈውን ስታነቢ የጸሎቱ ሰዓት ያልፋል። መጀመሪያ ጸልዪ፤ ከዚያ ክፈቺው።

ባልደረባሽንም አልረሳኋትም። ቂም አትያዢባት። በሁዳዴ የምትጾሚውን ያየች፣ ግንቦት ላይ የጠፋሽውንም ያስተዋለች እርሷ ብቻ ናት። የቀረች እንድትጠየቅ የምትስማሚባት ጓደኛ እርሷ ልትሆን ትችላለች። "እሑድ አብረሽኝ ታስቀድሻለሽ?" በያት። እምቢ ካለች ምንም አልቀረብሽም።

ትወድቂያለሽ። ይህን አሁኑኑ ልንገርሽ፣ ሲሆን እንዳትደነግጪ። ሦስት ቀን ተከታትሎ ያመልጥሻል። ዓርብ ቀን ረስተሽ ወተት ያለበት ማኪያቶ ትጠጫለሽ። ሠርግ ላይ ሌሊቱን አንግተሽ እሑድ ተኝተሽ ታረፍጃለሽ። ያን ጊዜ አንድ ድምፅ ይመጣብሻል፤ "ያው ነሽ፣ አልተለወጥሽም፣ እስከ ፍልሰታ ተዪው" የሚል። ያን ድምፅ አትስሚው። "ጻድቅ ሰባት ጊዜ ይወድቃልና፥ ይነሣማል" ነው የሚለው መጽሐፉ። ጻድቁንም አልወደቀም አላለም። ባስታወስሽበት ሰዓት፣ በዚያው ቀን፣ የዚያን ዕለት ውዳሴ ማርያም አንብቢ። ቀትር ላይም ቢሆን፣ ፋርማሲው ጓዳ ውስጥ ቆመሽም ቢሆን።

ዛሬ ማታ መጽሐፍሽን ፈልጊ። አልጋው ሥር ወይ ቁም ሣጥን ላይ ይኖራል። ትራስሽ አጠገብ አድርጊው፤ አንድ መዝሙር አንብበሽ ተኚ። ነገ ጠዋት የዕለቱን። በዚህ ሳምንት ለነፍስ አባትሽ ደውዪ። ከዚያ የሰኔውን ጾም ጨርሺ።

ሐምሌ 5 ጾሙ ከተፈታ በኋላ ደግሞ ጻፊልኝ። ስለ ጾሙ ሳይሆን ከዚያ እስከ ነሐሴ 1 ስላሉት ጾም የሌለባቸው ሳምንታት እንድትነግሪኝ ነው የምፈልገው። ረቡዕና ዓርቡን፣ ጠዋትና ማታውን እንዴት እንዳሳለፍሽው። ጥቂት ቀን ብቻ ቢሳካልሽም ያንኑ ጻፊልኝ።